ጄኔሬተራችን ተነሥቶ ለምን ይጠፋል?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከኮሚቴው የተሰጠ ገለጻ፤ በስብሰባው ያልተገኙ ነዋሪዎች እንዲያነቡት የተለጠፈ)



ለዛሬው ስብሰባችን ከተያዙት ጉዳዮች አንዱ የማኅበራችን ጄኔሬተር ነው። እንደሚታወቀው ይህ ባለ 2.5 ኪሎዋት ማሽን ለሐዘን ድንኳን፣ ለሠርግ፣ መብራት ሲጠፋም ውሃ ወደ ሮቶ ለመግፋት እንዲያገለግለን በሁላችንም መዋጮ የተገዛ ንብረት ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ገመዱ ሲሳብ ይነሣል፣ ጥቂት ይሠራል፣ ከዚያ ይጠፋል። ከዚህም የተነሣ «ይሸጥና በየቤቱ ተዋጥቶ አዲስ ይገዛ» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት የደረስንበትን ልንገልጽ፣ ያጠፋነውንም ልንናገር እንወዳለን። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእኛ የኮሚቴዎቹ ሆኖ ነው የተገኘው።

የቤንዚን ሞተር የሚፈልገው ቤንዚን፣ አየርና የካንዴላ እሳት ነው። ከተነሣ ሦስቱም አሉ ማለት ነው። ታዲያ የሚጠየቀው ከተነሣ በኋላ ምን ተቋረጠበት የሚለው ነው፤ ይህንንም አጠፋፉ ራሱ ይናገራል። ቾኩ እንደተመለሰ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ በካርቡራተሩ ውስጥ ያለችው ቀጭን የናስ ቀዳዳ ተደፍናለች። ማብሪያ ማጥፊያው እንደተዘጋ ሁሉ ድንገት ጭጭ የሚል ከሆነ የተቋረጠው እሳቱ ነው። ምጣድ ሲሰካበት ብቻ የሚታፈን ከሆነ ጭነቱ በዝቶበታል። ሩብ ሰዓት ያህል ደኅና ሠርቶ፣ ከዚያ ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ፣ እንደሚያጣጥር ሰው ቀስ ብሎ የሚሞት ከሆነ ግን ቤንዚን እየደረሰው አይደለም።

የኛው ይሄ የመጨረሻው ነበር። እኛ ግን መች አዳመጥነው! ጠፋ ሲባል እንሮጣለን፣ ክዳኑን ከፍተን ቤንዚን መኖሩን እናያለን፣ መልሰን እንገጥማለን፣ ገመዱን ስንስብ ይነሣል። «ይኸው ዳነ» እንላለን። ከሩብ ሰዓት በኋላ ያው ነው። ወደ ጥገና ቤት ወሰድነው፤ ካንዴላ ተለወጠ፣ ካርቡራተሩ ታጠበ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ሠራ። ከማኅበሩ ሣጥን ሒሳቡን ከፍለን መለስነው። ማታውኑ ድንኳን ውስጥ ጠፋ።

ነገሩ ኋላ ነው የገባን። ጥገና ቤት ሲሞከር ክዳኑ ተከፍቶ ነበር የሚሠራው። የዘይት ጣሳ የከፈተች እናት ሁሉ እንደምታውቀው ጣሳው በሁለት በኩል ካልተበሳ ዘይቱ አይወርድም፤ አንዱ ለዘይቱ መውጫ፣ አንዱ ለአየሩ መግቢያ ነው። የጄኔሬተሩም የቤንዚን ታንክ እንደዚያው ነው። ክዳኑ ላይ በዓይን ለማየት የምታስቸግር የአየር ቀዳዳ አለች። እሷ ከተደፈነች ቤንዚኑ እየቀነሰ ሲሄድ ውስጡ አየር ያጥረዋል፣ ቤንዚኑም መውረዱን ያቆማል። ክዳኑ ሲከፈት አየር «ሽው» ብሎ ይገባል፣ ማሽኑም ይነሣል። እኛ ደግሞ ዋናው ክዳን በአንድ ሠርግ ላይ ስለጠፋ የዘይት ጀሪካን ክዳን በፌስታል ጠቅልለን ግጥም አድርገን ዘግተንበት ነበር! ዝናብ እንዳይገባ ብለን ነው እንጂ ለክፋት አልነበረም።

ሁለተኛውን ጥፋታችንን መናገር የበለጠ ያሳፍራል። ከሞተሩ ሥር የዘይቱን መጠን የሚጠብቅ መሣሪያ አለ፤ ዘይት ሲያንስ እሳቱን ቆርጦ ሞተሩ ሳይነክስ ያጠፋዋል። ድንኳኑ የተተከለው ተዳፋት ላይ ስለነበር ማሽኑ ዘመም ብሎ ሲቀመጥ ይህ ጠባቂ አንድ ሁለቴ አጥፍቶታል። አንድ ሰው «ሽቦውን ብትቆርጡት ይገላግላችኋል» ቢለን ቆረጥነው። አልገላገለንም። በኋላ የዘይት መለኪያውን ስንመዘው ጫፉ እንኳ አልረጠበም። የዚህ ዓይነት ሞተር የሚይዘው ዘይት 0.6 ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ ጥቂት ሲጎድል ብዙ ነው። ቢነክስ ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ክዳን ባልሆነ ነበር። ሽቦው ተመልሶ ተቀጥሏል፣ ዘይቱም ተሞልቷል። ከእንግዲህ ማሽኑ ሲያዝ የሚቀመጠው በለጥ ባለ መሬት ላይ ነው፤ ዘይቱም በተነሣ ቁጥር ይታያል፣ በየመቶ ሰዓቱ ወይም በየስድስት ወሩ ይለወጣል።

አሁን ግን ከገንዘብ በላይ ወደሆነው እንምጣ። በዚያው የሐዘን ሌሊት ዝናቡ ሲበረታ ጄኔሬተሩን አንሥተን ሴቶቹ ወጥ ከሚሠሩበት የቆርቆሮ ማድቤት ጥግ አስገባነው። ብዙም ሳይቆይ ሁለት እናቶች ራሳቸውን ይዘው፣ እያቅለሸለሻቸው ወጡ። «ልቅሶው ነው፣ እህልም አልቀመሱ» ብለን አሳለፍነው። ልቅሶው አልነበረም። በተዘጋ ቤት የተቀመጠ ከሰል ሰውን የሚገድልበት ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው፣ ከጄኔሬተር ጭስም ይወጣል። ሽታ የለውም፣ አይታይም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ምልክቱ ነው። በር መክፈት፣ መስኮት መክፈት አይበቃውም። ማሽኑ ያን ሌሊት መጥፋቱን ስንራገም ነበር፤ ጠፍቶ ባይሆን ኖሮ ግን ምን እንደምናወራ እግዜር ይወቅ። ስለዚህ ማሽኑ ከበርና ከመስኮት፣ ከድንኳንም ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ የጭስ ማውጫው ወደ ባዶ ቦታ ዞሮ ውጭ ይቆማል። ዝናብ ከሆነ አራት ቋሚ ላይ ከፍ ብሎ ቆርቆሮ ይደረግለታል፣ ጎኑ ሁሉ ክፍት ይሆናል። ይህ ካልተቻለ በሻማ እናድራለን። በዚህ ላይ ክርክር ባይነሣ ደስ ይለናል።

የቀረው ቀላል ነው። ቤንዚን ወራት ሲቀመጥ እንደ ሙጫ እየሆነ ያቺን የናስ ቀዳዳ ይደፍናል፤ ሥራው ሲያልቅ የቤንዚን መክፈቻው ተዘግቶ ሞተሩ የቀረውን ጨርሶ በራሱ ይጥፋ። ቤንዚን የሚጨመረው ሞተሩ ጠፍቶ ከበረደ በኋላ ነው፤ በትኩስ ማሽን ላይ ማፍሰስ እሳት መጥራት ነው።

ስለ ምጣድም ትጠይቁናላችሁና እንናገር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ እንዲህ ያለ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ሲሰላ የኛው 2.5 የተባለው እዚህ 1.8 ቢሰጥ ነው። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 በላይ ይጠይቃል። እናቶቻችን ይቅር በሉን፤ ለመብራት፣ ለድምፅ ማጉያና ለትንሿ የውሃ ሞተር እንጂ ለምጣድ አይሆንም። ማሽን ይለወጥ የሚባለውም በዚህ ምክንያት ከሆነ ሌላ ውይይት ነው፤ በብልሽት ምክንያት ከሆነ ግን ብልሽት የለም።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚጠይቀው መዋጮው እንዲቆይ ነው። ለጊዜው የምንገዛው የአየር ቀዳዳ ያለው ክዳንና አንድ ሊትር የሞተር ዘይት ብቻ ነው። ቅዳሜ ከጠዋቱ በ3 ሰዓት ከማኅበሩ ቤት ፊት ለፊት ሜዳው ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ እናሠራዋለን፤ የተጠራጠረ መጥቶ ይይ። ወጣቶች በተለይ ኑ፤ ከእናንተ መካከል ሁለት ሰዎች ተመርጠው ቁልፉንና የሰዓት መመዝገቢያ ደብተሩን እንዲረከቡን እንፈልጋለን።

ዋናው ክዳን ደግሞ ጥቁር ሆኖ በአጭር ሰንሰለት የሚንጠለጠል ነው። ከሠርጉ ዕቃ ጋር ተቀላቅሎ በቤቱ ያገኘው ሰው ለማኅበሩ ጸሐፊ ቢያደርስልን፣ ማን ወሰደው ብለን አንጠይቅም።