ዱባና ቅል፣ አበባቸውም ለየቅል



«ዱባና ቅል፣ አበቃቀሉ ለየቅል» ሲባል ያልሰማ በመካከላችን የለም። ተረቱን የምናነሳው ስለ ሰው ጠባይ ስናወራ ነው። እኔ ዛሬ ለባለቤቱ፣ ለዱባው ልመልሰው። የቅል አበባ ነጭ ነው፤ ሲመሽ ይፈካል፣ በጨለማ የእሳት ራት ይጎበኘዋል። የዱባ አበባ ቢጫ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ይከፈትና ረፋዱ ላይ ይታጠፋል፤ ተስፋው ንብ ነው። የትውልድ ምድራቸውም አንድ አይደለም። ቅል አፍሪካዊ ነው። ዱባ ደግሞ ከ1492 እ.ኤ.አ. በኋላ ከአሜሪካ ምድር ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰ ተክል ነው፤ ሜክሲኮ ውስጥ ከአንድ ዋሻ የተገኘ የዱባ ዘር ወደ 10 ሺህ ዓመት ዕድሜ አለው። ያ የሩቅ እንግዳ ዛሬ በጾም ገበታችን ላይ ቤተኛ ነው።

እኛ ጉራጌዎች ግን የምንታወቀው በእንሰት ነው፤ ዊልያም ሻክ የተባለው የሥነ ሰብ ተመራማሪ በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ጉራጌ ያሳተመውን መጽሐፍ ሲሰይም ሕዝቡን በእንሰት ባህሉ ጠርቶታል። አልተሳሳተም። ነገር ግን እንሰት ለመፋቅ እስኪደርስ ዓመታት ይጠይቃል፤ ዱባ በአራት ወር ገደማ ይደርሳል። ወላጆቻችን ሁለቱን አላጣሏቸውም። ከቤቱ ፊት የመንደሩ ሰፊ መንገድ፣ ጀፎሮ፣ ከጀርባው እንሰት፣ ከእንሰቱ ዳር፣ ፍግና አመድ በሚደፋበት ቦታ፣ ዱባ። ዳር ያልኩት በምክንያት ነው፤ ዱባ ፀሐይ ይወዳል፣ ከእንሰት ጥላ ሥር ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጥም።

ዛሬ በወልቂጤም በቡታጅራም ግቢያችን ጠቧል። ይሁን፤ ሐረጉ አጥር ላይ መውጣት ያውቃል። አጥር ላይ የተንጠለጠለውን ፍሬ ብቻ በአሮጌ ነጠላ ደግፋችሁ እሰሩለት። ለመትከል ክንድ ያህል ጉድጓድ ቆፍሩ፣ የበሰበሰ ፍግ ከአፈር ጋር አደባልቃችሁ ሙሉት፣ ዝናቡ ሲይዝ ሦስት አራት ፍሬ ጣሉ፣ ከበቀሉት ጠንካራውን አንዱን ወይም ሁለቱን አስቀሩ። ይህን ከእኔ በተሻለ የሚያውቁ እናቶች እዚህ ተቀምጠዋልና አላስረዝመውም።

ልነግራችሁ የመጣሁት የአበባውን ነገር ነው። ልጅ ሳለሁ ከእናቴ ጓሮ እንቁላል የሚያክሉ ዱባዎች ቢጫ እየሆኑ ይረግፉ ነበር። «ዓይን በላው» ተባለ። በዚያ ወሬ አንዲት ጎረቤታችን ታማች፤ ቤታችን መምጣትም ተወች። እውነቱን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፣ ያቺን ሴት ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ያመኛል። የዱባ ሐረግ ወንድና ሴት አበባ ለየብቻ ያወጣል። ወንዱ ቀድሞ ይመጣል፣ በቁጥርም ይበዛል፣ አንገቱ ቀጭን ነው። ሴቷን ከሥሯ ባለችው ትንሽ ዱባ ትለዩአታላችሁ። የወንዱ ብናኝ ካልደረሳት ያቺ ትንሽ ዱባ ጥቂት ቀን ቆይታ ትረግፋለች። የጎደለው ንብ ነበር እንጂ ማንም በዓይኑ አልበላውም።

ስለዚህ ንብ ካነሰ እጃችሁን አበድሩት። ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ አዲስ የፈካ ወንድ አበባ ቁረጡ፣ ቢጫ ቅጠሉን ግፈፉ፣ መሐል ያለውን ብናኝ ያዘለ ዘንግ በሴቷ አበባ ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ አሹት። ሥራው ይኸው ነው። ጫታችሁ ላይ ፀረ ተባይ የምትረጩም በማለዳ፣ የዱባ አበባ ክፍት በሆነበት ሰዓት፣ አትርጩ፤ ንቡ ያን ጊዜ አበባው ውስጥ ነው።

አሰባሰቡ ላይ ደግሞ ጥድፊያችን ይጎዳናል። በግንቦት የተተከለ ዱባ ለመስከረም ይቃረባል፤ መስቀል ሲመጣ፣ ልጆች ከየከተማው ሲገቡ፣ ቤቱ ሞልቶ እንዲታይ ብለን ያልበሰለውን እንቀጥፋለን። አበባዋ ከያዘች በኋላ 50 ቀን ያህል ታገሡ። ጥፍራችሁን ልጡ ላይ ጫኑ፤ ከገባ አልደረሰም። ፍሬውን ከሐረጉ ጋር የያዘውን ግንድ እዩ፤ እርጥብና አረንጓዴ ከሆነ አልደረሰም፣ እንደ እንጨት ደርቆ ከሰነጣጠቀ ደርሷል። ስትቆርጡም በቢላ፣ ከግንዱ ጣት ያህል አስቀርታችሁ ይሁን። ግንዱን እጀታ አድርጋችሁ አታንጠልጥሉት፤ ሲገነጠል የሚቀረው ቁስል የመበስበስ በር ነው። አሥር ቀን ያህል ፀሐይና ነፋስ አግኝቶ ልጡ ሲጠነክር፣ በደረቅ ቆጥ ላይ ሳይደራረብ ለወራት ይቀመጣል።

የዱባ ሥጋ ቢጫ የሚሆነው ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ በሚለውጠው ንጥረ ነገር ነው፤ ለልጅ ዓይን ይጠቅማል። ፍሬውን አትጣሉት፤ ተቆልቶ ይበላል፣ ለኮሶ ትልም ባህላዊ መድኃኒት ሆኖ ቆይቷል። ጥሬ ክትፎ የምንወድ ሰዎች ይህን እናስታውስ፤ የጤና ባለሙያ የሚያዘውን እንክብል ግን አይተካም። አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፤ ቀምሳችሁ እንደ እሬት የመረረ ዱባ ካጋጠማችሁ ድስቱን እንዳለ ድፉት። ያ ምሬት ሆድ የሚያውክ መርዝ ነው፣ ፍሬውም ለዘር አይሆንም።

በሩ አጠገብ ባለው ሰፌድ ላይ ባለፈው ዓመት ከጓሮዬ ካገኘሁት ጣፋጭ ዱባ የወጣ፣ በጥላ የደረቀ ፍሬ አስቀምጫለሁ። ለአንድ ቤት አራት አራት ይደርሳል። ስትወጡ ውሰዱ፤ የቅርብ ጎረቤታችሁ ዛሬ ካልመጣች የእሷንም ድርሻ ያዙላት።