ሥሩ ሳይዘጋጅ ዛፍ አይነቀልም
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ከቀረበ ንግግር)



የማነሣው ጉዳይ የሥራ አስኪያጆች የውሳኔ አሰጣጥ ነው። የሆላንዱ ምሁር ጌርት ሆፍስቴድ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ጥናት በአለቃና በበታች መካከል ያለው ርቀት ከአገር አገር እንደሚለያይ አሳይተዋል። ርቀቱ በሰፋበት ቦታ አለቃ ሲወስን ሌላው ዝም ይላል።

በጃፓን ድርጅቶች ከስብሰባ በፊት የሚመለከታቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ማማከር የተለመደ ነው። ነማዋሺ ይሉታል። ቃሉ የመጣው ከአትክልት ሥራ ሲሆን፣ ዛፍ ነቅሎ ሌላ ቦታ ከመትከል በፊት ዙሪያውን ቆፍሮ ሥሩን ማዘጋጀት ማለት ነው። ውሳኔው ይዘገያል፤ ከተወሰነ በኋላ ግን ሥራው ይፈጥናል። አገራችንም ከጃፓን የመጣውንና የሠራተኛውን ሐሳብ መነሻ የሚያደርገውን ካይዘንን በ30 ኩባንያዎች ሞክራ፣ በ2004 ዓ.ም. የካይዘን ኢንስቲትዩት አቋቁማለች።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሽማግሌዎቻችን ሁሉንም ወገን ሳይሰሙ አይፈርዱም። ቢሮ ስንገባ ግን እንረሳዋለን። እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የዘመናዊ ቀፎ ማስቀመጫ ቦታ ከኮሚቴው ጋር መርጬ ለአባላት አስታወቅሁ። ሁሉም እጁን አወጣ። በበጋው ንቦቹ ጥለው ሄዱ። አንድ አዛውንት ንብ አናቢ፣ «ልጄ፣ እዚያ በበጋ ውሃ እንደሌለ እናውቃለን፤ ወስናችሁ መጣችሁ እንጂ መች ጠየቃችሁን?» አሉኝ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው።

አዋጅ ቁጥር 985/2009 ለጠቅላላ ጉባኤ የበላይ ሥልጣን፣ ለእያንዳንዱ የመሠረታዊ ማኅበር አባል አንድ ድምፅ ሰጥቷል። እጅ ማውጣት ብቻውን ግን ምክክር አይደለም። ስለዚህ የማዳበሪያ ፍላጎትና የትርፍ ክፍፍል ለጉባኤ ከመቅረባቸው በፊት ሥራ አስኪያጁ በየመሠረታዊ ማኅበሩ ወርዶ ሴቶችንም ወንዶችንም ይስማ፤ የተቃውሞ ሐሳብም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። የእህል ዋጋ በገበያ ቀን ስለሚለዋወጥ ጉባኤ መጠበቅ አይቻልም፤ ለዚህ ጉባኤው የግዢ ዋጋ ጣሪያ አስቀድሞ ይወስንለትና በዚያ ውስጥ በራሱ ይወስን።

የመንግሥት ኃላፊዎችም ያለቀ ውሳኔ ለማጽደቅ ሳይሆን ጥያቄ ይዛችሁ ኑልን። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ነውና።