ስለ ፊውዝ መቃጠልና ምክንያቱን ስለ መፈለግ



የመኪና ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል ባለመኪናው አብዛኛውን ጊዜ የሚወቅሰው ፊውዙን ነው። አንዱን አውጥቶ ሌላውን ያገባል፤ ሁለተኛውም ሲቃጠል ከቀድሞው የበረታ ይፈልጋል፤ እርሱም ሲታጣ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ በሥፍራው ይሰካዋል። መብራቱም ይበራል፤ ባለመኪናውም ተደስቶ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ግን የሚቀልጠው ፊውዙ መሆኑ ቀርቶ፣ በምንጣፉና በመቀመጫው ሥር የተዘረጋው ሽቦ ይሆናል። ፊውዝ ማለት ሽቦው ከመንደዱ በፊት እንዲቀልጥ ሆን ተብሎ የተሠራ ደካማ ቦታ ነውና፣ ይህን ጠባቂ ያነሣ ሰው ቤንዚን በተሸከመ ተሽከርካሪ ውስጥ እሳት ይዞ ይጓዛል።

ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1827 ያሳተመው ሕግ በየክፍሉ በሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ተማሪውም በቃሉ ይይዘዋል። ይሁን እንጂ ያው ተማሪ ከመኪና አጠገብ ቆሞ «ይህ ፊውዝ ለምን ተቃጠለ?» ቢባል ዝም ይላል። ሒሳቡ ግን ከባድ አይደለም። የኋላና የሰሌዳ መብራቶች አራት ባለ 5 ዋት አምፑሎች ቢሆኑ ድምሩ 20 ዋት ነው፤ ይህም ለ12 ቮልት ሲካፈል 1.7 አምፔር ያህል ይሆናል። ባለ 10 አምፔር ፊውዝ ይህን ያለ ችግር ይሸከማል። እንግዲያስ «ፊውዙ አነሰ» የሚለው ክስ በሒሳብ ብቻ ወደቀ ማለት ነው። የኤሌክትሪኩ ኀይል ወደ አምፑሉ ሳይደርስ አቋራጭ አግኝቶ ወደ መኪናው ብረት ገላ፣ በጋራዥ ሰዎች ቋንቋ ወደ ማሳ፣ ተመልሷል። (ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ገበሬ ከሚያርሰው ማሳ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው።) የአቋራጩ ተቃውሞ 0.1 ኦም ቢሆን 120 አምፔር ይፈሳል፤ ፊውዙም በዐይን ጥቅሻ ይቀልጣል።

ፍለጋው ከመፍቻ በፊት በጥያቄ ይጀምራል፤ ጥያቄውም «መቼ?» የሚል ነው። ማብሪያው ሳይነካ፣ ገና ሲሰካ የሚቃጠል እንደ ሆነ ጥፋቱ ከማብሪያው ወዲህ ነው፤ ማብሪያው ሲጫን ከሆነ ከማብሪያው ወዲያ፤ ፍሬን ሲረገጥ ከሆነ በፍሬን መብራት መሥመር። ኮሮኮንች ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከብረት ጋር እየተፋተገ ልባሱ ያለቀ ሽቦ ይጠረጠራል። በቅርቡ ሬዲዮ ተገጥሞ እንደ ሆነም ብሎኑ የት እንደ ገባ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን ሳይጠይቅ ዳሽቦርድ የሚፈታ መካኒክ የራሱን ጊዜና የሰውን ገንዘብ ያባክናል።

ቀጥሎ፣ ፊውዝ እየገዙ ከማቃጠል፣ በፊውዙ ምትክ ባለ 12 ቮልትና 21 ዋት የፍሬቻ አምፑል በሁለት ሽቦ ይገባል። በርቶ ሳለ ከ1.75 አምፔር የበለጠ ስለማያሳልፍ የመኪናው ሽቦ አይግልም። የመሥመሩ አምፑሎች ሁሉ አስቀድመው ይውጡ፤ አለዚያ መሞከሪያው በእነርሱ በኩል ደብዘዝ ብሎ እየበራ ያሳስታል። መሞከሪያው በሙሉ ኀይሉ ከበራ አቋራጩ አለ፤ ከጠፋ ተቋርጧል። በኤርባግ መሥመር ላይ ግን ይህ ሙከራ ከቶ አይደረግም።

ከዚያ በኋላ መሥመሩን ለሁለት መክፈል ነው። በኋላ ሻንጣው አጠገብ ያለው መጋጠሚያ ሲነቀል መሞከሪያው ቢጠፋ፣ የፊቱ ግማሽ ከክስ ነጻ ወጣ። መጋጠሚያው ተመልሶ ወደ ሻንጣው ክዳን የሚሄደው ቅርንጫፍ ብቻ ይነቀላል፤ አሁንም ከጠፋ የግራና የቀኝ መብራቶች ነጻ ናቸው። የሚጠረጠሩት ቦታዎች 16 ቢሆኑ እንኳ በአራት ክፍያ አንዱ ብቻ ይቀራል፤ በየተራ የሚፈትን ሰው ግን 15 ጊዜ ሊደክም ይችላል።

የሰሌዳው መብራት ሽቦ በክዳኑ ማጠፊያ በኩል ያልፋል። ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይታጠፋል፤ ከዓመታት በኋላም ልባሱ ተሰንጥቆ መዳቡ ብረቱን ይነካል። ክዳኑን ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ተማሪ መሞከሪያው በአንድ ማዕዘን ሲበራ፣ በሌላው ሲጠፋ ያያል። የተሰነጠቀው ሽቦ ተቆርጦ በአዲስ ይተካል፤ መገጣጠሚያውም ከመታጠፊያው ርቆ ይሠራል። በሚታጠፍ ቦታ ላይ ናስትሮ ብቻ መጠቅለል ነገሩን ለክረምት ማሳደር ነው። አዲሱ ፊውዝም በቀለሙ ሳይሆን በቁጥሩ ይመረጥ፤ ጠፍጣፋው ቀይ ፊውዝ 10 አምፔር ሲሆን በአሮጌ ፎልክስዋገኖች ያለው ቀይ የሸክላ ፊውዝ 16 ነውና።

መኪና የሌለው ትምህርት ቤትም ይህን ከማስተማር አይከለከልም። አንድ ጣውላ፣ ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ የእጅ ባትሪ አምፑሎች፣ ጥቂት ሽቦ፣ ለፊውዝም ከድስት መፈግፈጊያው ብረት አንድ ቀጭን ክር ይበቃል። መምህሩ ከጣውላው ጀርባ ሁለት ሽቦዎችን በስውር ያገናኛል፤ ተማሪዎቹም ይፈልጋሉ። የመኪና ባትሪ ግን በመቶ የሚቈጠር አምፔር በአንድ ጊዜ ሊለቅ ስለሚችል ከተማሪዎች ጠረጴዛ ላይ አይውጣ።