ምስጋና በመንዙማ፣ ምስጋና በተግባር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።



ባለፈው ረመዳን እዚሁ ኮተቤ፣ ከእንጦጦ ተራሮች ግርጌ፣ ከአንድ ቤት ለኢፍጣር ተጠርተን ነበር። የቤቱ እናት የወሎ ሰው ናቸው። ሾርባውን እያማሰሉ በለሆሳስ መንዙማ ያዜማሉ። ልጃቸው ሰማና «እማ፣ ቢድዓ ነው፤ ተይው» አላቸው። ዝም አሉ። በልተን እስክንወጣ ድረስ ድምፃቸውን አልሰማንም። የዛሬውን ርዕስ ያስመረጠን ያ ዝምታ ነው።

መንዙማ ቃሉ ዐረብኛ ሲሆን በግጥም የተሰደረ ማለት ነው። የወሎ ዑለማዎች በዐረብኛም በአማርኛም ገጥመውታል፤ አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀሚ ጽፈውታል። አላህን አመስግነውበታል፣ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ.) አወድሰውበታል፣ ማንበብ ለማይችለው ገበሬ ዲኑን አስተምረውበታል። አንዱ ያወጣል፣ ጀማዓው ይቀበላል፤ እንደየቦታውም ድቤና ጭብጨባ ይታከልበታል። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም እምነቱን እንዲለውጥ ሲገደድ፣ ከተቃውሞው መሪዎች አንዱ የነበሩት ሸኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር የመንዙማ ገጣሚም ነበሩ። ኪታብ ባልነበረበት ቤት እናቶች በቃላቸው ያቆዩልን ብዙ ነገር አለ።

ታዲያ ሸሪዓው ምን ይላል? ስለ ዜማ መሣሪያና ስለ ሐድራ አደራረግ ዑለማዎች ይለያያሉ። ይሁንና ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሐሳን ቢን ሳቢትን በግጥሙ ለዲኑ እንዲሟገት አበረታተውታል። በዒድ ቀን በእናታችን ዓኢሻ ቤት ሁለት ልጃገረዶች ድቤ እየመቱ ሲያዜሙ አቡበክር ቢቆጡ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲተዋቸው ነግረዋቸዋል። በሌላ በኩል እርሳቸውን በማወደስ ድንበር እንዳናልፍ አስጠንቅቀውናል። እንግዲያው አስቀድመን የመንዙማውን ቃል እንመርምር። ለአላህ ብቻ የሚገባውን ልመና ለፍጡር የሚያቀርብ ከሆነ ሊታረም ይገባል። ቃሉ ሹክርና ሰለዋት ከሆነ ግን እናትን ዝም ማሰኘት ለምን አስፈለገ?

ልጁ ለተውሒድ መቆርቆሩን አንነቅፍም። ነገር ግን ቁርኣን ወላጅን «ኡፍ» እንኳ እንዳንል ያዘዘን መሆኑን አንርሳ። ማረምም አደብ አለው።

ሌላም ነገር አለ። አላህ (ሱ.ወ.) የዳውድን ቤተሰቦች በሱረቱ ሰበእ ያዘዛቸው አመስጋኝ ሆነው እንዲሠሩ ነው። ሹክር በምላስ ተጀምሮ በእጅ ይፈጸማል። እኚያ እናት ከሾርባው ለጎረቤት አንድ ሳህን ሳይልኩ አልቀመሱም። ዜማቸው ቢቋረጥም ምስጋናቸው አልተቋረጠም ነበር።

ወጣቶች ሆይ! ዛሬ ከእናታችሁ አጠገብ ቁጭ በሉና መንዙማው ምን እንደሚል ጠይቁ፤ ጻፉት፤ የከበዳችሁን ለዓሊም አሳዩ። እናቶችም ልጆቻችሁ የተማሩትን አድምጡ።

አላህ ከሚያመሰግኑት ባሮቹ ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።