አንድ ሙሉ ደቂቃ
(በተመራቂዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ነርስነት ትምህርታችን ተናገሪ ስባል፣ ከአራቱ ዓመት የቱን ላንሳ ብዬ ተቸግሬ ነበር። የአናቶሚውን የሌሊት ጥናት? ጋወን የለበስንበትን ቀን? በመጨረሻ የመረጥኩት እስከ ዛሬ በአደባባይ ያልተናገርኩትን ነው።

እንደምታውቁት ጎንደር ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 በጤና ኮሌጅነት ነው። የጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው አብረው ሠልጥነው፣ በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይወጡ ነበር። እኛንም ያው ወግ ጠበቀን፤ በመጨረሻው ዓመት ፍራሻችንን ጭነን ለቡድን ሥልጠና ወጣን።

እኔ የተመደብኩት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በሚታዩበት ክፍል ነው። ቀኑ የገበያ ቀን ነበርና እናቶች በረንዳውን ሞልተውታል። ሳል ያለበት ልጅ ሲመጣ፣ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ደረቱ ተገልጦ፣ ትንፋሹ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቆጠር አለበት። የሁለት ዓመት ልጅ ያዘለች እናት ገባች። ሰዓቴን አየሁ፤ ሰልፉን አየሁ። ከእሱ በፊት የቆጠርኩት ልጅ 36 ስለነበር ሳልቆጥር ያንኑ 36 ጻፍኩ። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ፈጣን ትንፋሽ የሚባለው። ስለዚህ ጉንፋን ነው ብዬ ሸኘኋት።

ትንሽ ቆይቶ ተቆጣጣሪያችን ሲስተር ካርዶቹን ስታገላብጥ ሁለቱ 36 ላይ ቆመች።

«ይሄን ቆጥረሽዋል?»

ዝም አልኩ።

«ሳትርቅ ድረሺባት» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ጋወኔን እንደለበስኩ ሮጥኩ። ገበያው ውስጥ ጨው ስትገዛ አገኘኋት። ስታየኝ ደነገጠች። «ምነው ዶክተር፣ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። እሷ ምን አጠፋሁ ትበለኝ! «ካርድ ላይ የተረሳ ነገር አለ» ብዬ መለስኳት።

ሲስተር አጠገቤ ቆማ ቆጠርኩ፤ 54። የሳንባ ምች ነበር። አንቲባዮቲክ ተሰጠው። በቀጠሮው ቀን ሲመጣ ከሲስተር እጅ እስክሪብቶ ሊቀማ ይታገል ነበር። እናቱ መረቀችኝ። እኔም ምርቃቱን ተቀበልኩ እንጂ እውነቱን አልነገርኳትም። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

አሁን እኔም የምሠራበት ዋርድ ተማሪዎች ይመደባሉ። ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ሎግቡካቸው እንዲፈረምላቸው ይፈልጋሉ። አንዳንዱ ገጽ ላይ ታዲያ ተከታታይ 20፣ 20፣ 20 አያለሁ። እኔም እዚያ ስለነበርኩ ልቆጣቸው አቅም የለኝም። ሰዓቴን አውጥቼ «ና፣ አብረን እንቁጠር» እላለሁ።

መምህራኖቻችን፣ የተማሪው ቁጥር የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ካርዱን መልሶ የሚያይለት ሰው አታሳጡት። እኛ ተመራቂዎችም ለልምምድ የሚላኩልንን ልጆች የዩኒቨርሲቲው ጉዳይ ናቸው ብለን አንተዋቸው። ከመፈረማችን በፊት አጠገባቸው እንቁም። አንድ ደቂቃ ነው የሚወስደው።