የገና ወጪ በጥር ይታሰባል

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



እንደሚታወቀው የልደት በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ሲገባ በዓሉ እየቀረበ መሆኑን ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቃል። ሆኖም በብዙ አርሶ አደር ቤት የገና ወጪ ሳይታሰብ እንደ መጣ እንግዳ ይቆጠራል።

ችግሩ ከወቅቱ ጋር የተያያዘ ነው። በጎጃምና በሸዋ ጤፍ አብቃይ ወረዳዎች ሰብሉ የሚታጨደውና የሚወቃው በገና ዙሪያ ባሉት ወራት ነው። ሁሉም እህሉን በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ስለሚያወጣ ዋጋው ይወርዳል። በአንጻሩ በግ፣ ዶሮና ቅቤ በዋዜማው ይወደዳሉ። ስለዚህ አርሶ አደሩ በርካሽ ሸጦ በውድ ይገዛል። በዚህ ላይ የማዳበሪያ ዕዳና የመሬት ግብር ይጠየቃል። ከ12 ቀን በኋላ ጥምቀት፣ ቀጥሎም የጥር ሠርግ ይከተላል።

አንዳንዱ የቅርጫውን መደብ «በጥር እከፍላለሁ» ብሎ ይወስዳል። ጥር ሲደርስ ዕዳው ጎተራውን ያጎድላል። ክረምት ሲገባ ያው አርሶ አደር በታኅሣሥ የሸጠውን ዓይነት እህል በጨመረ ዋጋ ይሸምታል። ከሁሉ የከፋው ግን ለዘር የተቀመጠው ሲነካ ነው፤ የአንድ ቀን ድግስ የከርሞውን ማሳ ይጎዳል። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

መፍትሔው በዓሉን መተው አይደለም። ገና ዘመድ የሚጠያየቅበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ቀን ነው። መፍትሔው ወጪውን በዓመቱ ላይ ማከፋፈል ነው።

አንደኛ፣ ባልና ሚስት በጥር ወር፣ ወጪው ከአእምሮ ሳይጠፋ፣ ያለፈውን በዓል ሒሳብ አብረው ያስሉ።

ሁለተኛ፣ አርሶ አደር እንደ ደመወዝተኛ በየወሩ እኩል ገቢ ስለሌለው ቁጠባው ገቢውን ይከተል። የመስኖ ሽንኩርትና ድንች ሲሸጥ፣ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ፣ እንቁላልና ቅቤ ገበያ ሲወጣ ጥቂቱ ወደ ገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበሩ ይግባ። ለምሳሌ አንድ ቤተሰብ ከጥር እስከ ኅዳር ባሉት 11 ወራት በአማካይ 400 ብር ቢያስቀምጥ 4,400 ብር ይኖረዋል። የእንቁላልና የቅቤ ገቢ በአብዛኛው በእናት እጅ የሚገባ በመሆኑ እርሷም በራሷ ስም አባል ሆና ደብተር ትያዝ።

ሦስተኛ፣ የበዓሉ በግ ከግቢ ይገኝ። በመስከረም መጨረሻ ታስሮ ለ90 ቀን ያህል በድርቆሽ፣ በፉርሽካና በፋጉሎ የተቀለበ በግ ለገና ይደርሳል። ሁለት ያደለበ አንዱን ያርዳል፣ ሌላውን በደህና ዋጋ ይሸጣል።

አራተኛ፣ እህሉ ይቆይ። ጤፍ በነቀዝ አይጠቃም፤ ከእርጥበትና ከአይጥ ከተጠበቀ ክረምቱን ይሻገራል። በቆሎና ሽምብራ ግን በሚገባ ደርቀው አየር በማያስገባ ከረጢት መቀመጥ አለባቸው።

ለሙስሊም አባላትም ነገሩ ያው ነው። ኢድ አልፈጥርና አረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድሙ አንዳንዴ እጅ ባጠረበት ክረምት ላይ ይውላሉ። ያኔ ቁጠባ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ከማኅበራትም የሚጠበቅ ሥራ አለ። መሠረታዊ ማኅበራት የበዓል ቁጠባ ደብተር ከፍተው ገንዘቡ ከታኅሣሥ 10 ቀን በፊት እንዳይነካ በጠቅላላ ጉባኤ ቢወስኑ፣ አባሉ ገበያው ሳይሞቅ ይገዛል። የቅርጫው በሬም በዱቤ ሳይሆን አስቀድሞ በተዋጣ ገንዘብ ይገዛል። የወረዳ ኃላፊዎች በበኩላቸው ዕዳና ግብር በታኅሣሥ ላይ እንዳይደራረብ የመሰብሰቢያ ጊዜውን ቢያከፋፍሉት አርሶ አደሩ ተገዶ ሻጭ ከመሆን ይድናል።

የማኅበር ጥንካሬ በመጋዘንና በመኪና ብዛት ብቻ አይለካም። አባሉ በዓሉን በደስታ አሳልፎ፣ ያለ ዕዳና የዘር እህሉን ሳይነካ ክረምቱን ሲቀበል ያን ጊዜ ማኅበሩ ጠንክሯል ይባላል። የዘንድሮው ጥር ሲገባ የመጀመሪያዋ ብር ደብተር ላይ ትጻፍ።

መልካም የምሥረታ በዓል!