ከወሎ ወጥቶ ስለ መኖር፤ በኢዮቤልዩ በዓል የተደረገ ንግግር



በ1977 ዓ.ም. ራብ በጸና ጊዜ ከወሎ ብዙ ሕዝብ፥ አንዱ በፈቃዱ ሌላው በግድ፥ ወደ ኢሉባቦር፥ ወደ ወለጋ፥ ወደ ከፋና ወደ ጎጃም ፓዌ ተወሰደ። ጤፍና ገብስ የለመደው የደጋ ሰው በቆላ በበቆሎ ኖረ፤ ወባ የማያውቅ ገላው በወባ ተያዘ። አንዳንዱም ከሚስቱና ከልጆቹ ተለየ። ከዚህ ሁሉ ግን የሚብሰው፥ እንደ እኔ አሳብ፥ ቡና ሲፈላ የሚጠራ ጎረቤት ማጣት ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙዎች ተመለሱ፤ መሬታቸውን ግን በሌላ እጅ አገኙት፤ በገዛ አገራቸውም ዳግመኛ እንግዶች ሆኑ።

ዛሬም በሰፈራችን ከሩቅ መጥቶ ቤት የተከራየ አለ። ወደ ዕድር ያስገባው ማን ነው? ከቅዳሴ በኋላስ ስሙን የጠየቀው ማን ነው? ሰበካ ጉባኤው ከድግሱ በፊት ይህን ይመክርበት ዘንድ እለምናለሁ።